የሸማ ተራ ብናኝ

ከዚያ መሰላል ላይ ብትወድቅብኝስ?

የዚያን ዕለት ጠዋት ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት አላውቅም። እድላዊት የሟች ልጄ ልጅ ናት። አራስ ሳለች ተቀብዬ ያሳደግኳት፣ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ የመጣች የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፣ ሸማ ተራ ባለው ሱቃችን መሰላል ላይ ቆማ ለኬብል ማሳለፊያ ግድግዳ ትበሳለች። እኔ ከታች ተቀምጬ የጋቢ ጫፍ እቋጫለሁ። መሰላሉ በተነቃነቀ ቁጥር የያዝኩት ክር ይላላል።

«ውረጂ» አልኳት።

«አሁን ጨረስኩ፣ እማማ።»

«ለዚህ ወንድ ጠፋ?»

«ወንዶቹ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል።»

የተናደድኩት ከእሷ ይልቅ በልጄ በማሙሸት ነበር። ሱቁም የእሱ፣ ሐሳቡም የእሱ ነው። ከሸማ ተራው ሌላ ሳሪስ፣ መገናኛና ጀሞ ሦስት ሱቅ ከፍቷል። አንዱ የሸጠውን የበዓል ልብስ ሌላው ለደንበኛ ቃል ይገባበታል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው፣ ጩኸት ነው። ስለዚህ አራቱን ሱቆች የሚያገናኝ ሜትሮ ኢተርኔት የሚባል መስመር ተከራየ። እድላዊት ስታስረዳኝ፣ «አራቱም በአንድ ጣራ ሥር እንዳሉ ክፍሎች ይሆናሉ፤ ሳሪስ አንድ ነጠላ ሲሸጥ እዚህ ያለው ኮምፒውተር ወዲያው ያውቃል» አለችኝ። ይህ ገባኝ። ያልገባኝ፣ መስመሩን በየሱቁ የሚቀበለውን ዕቃ፣ ራውተር የሚሉትን፣ ለመምረጥ ብቻ አንድ ወር ሙሉ አጎትና የእኅት ልጅ ለምን እንደሚጣሉ ነው።

መሰላሉ ተንሸራተተ።

እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣ በር ላይ የነበረ አንድ ጎልማሳ ቦርሳውን ጥሎ ገባና መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘው። ትከሻውን አስደግፎ ቆመ። እድላዊት ወደ ታች አየችው፤ እሱም ወደ ላይ አያት። የወደቀ ነገር የለም። ግን ሁለቱም ዐይናቸውን አላነሱም።

«ማነህ አንተ?» አልኩት።

«ዘመንፈስቅዱስ እባላለሁ፣ እትዬ። ጋሼ ማሙሸት ስለ ራውተር እናውራ ብለውኝ ነው።»

«ለወሬ ከሆነ የመጣኸው መሰላሉን ልቀቅ።»

«ብለቀው ትወድቃለች።»

ከላይ እድላዊት ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም። እናቷ አባቷን ያገኘች ሰሞን እንደዚያ ነበር የምትስቀው፤ ያ ሰው የት እንደገባ ደግሞ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ዘመን አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለ ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የኔትወርክ ዕቃ የሚሸጥና የሚተክል ልጅ ነው። ሙሉ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ማሙሸት ያስጠራው ርካሽ ነገር እንዲያመጣለት ነበር።

«ጎረቤቴ ኬብል ማከፋፈያውን፣ ስዊች ብቻ ገዝቶ ሥራውን ይሠራል፤ እኔን ምን ለየኝ?» አለው ማሙሸት።

«ጎረቤትህ ሁለት ሱቅ ነው ያለው» አለች እድላዊት። «በስዊች ብቻ ካያያዝነው ጀሞ ላይ አንድ ሰው ኬብል አሳስቶ ቢሰካ አራቱም ሱቅ አብሮ ይቆማል። በየሱቁ ራውተር ይግባ። የአንዱ ጥፋት እዚያው ይቅር።»

«ልክ ናት፣ ጋሼ» አለ ዘመን። ቀጥሎ የጻፈችውን ወረቀት አነበበና፣ «የመረጠችው ራውተር ግን ለዚህ ቤት አይሆንም» አለ።

«ምን ጎደለው?» አለች።

«ጎድሎት ሳይሆን ተርፎት ነው። ቬንትሌተር አለው።»

«ትልቅ ስለሆነ ነዋ። ነገ አሥር ሱቅ ብንሆን የሚችለው እሱ ነው።»

«ነገን አያያትም።»

«አንተ የምትሸጠው ዕቃ ስላልሆነ ነው።»

ደሜ ፈላ። የልጅ ልጄን ትምህርት የሚንቅ መሰለኝ። በልቤ፣ ይህ ሰው ዳግመኛ ይህን ደጃፍ አይረግጥም አልኩ። በማግስቱ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንድ የሞተ ራውተር በፌስታል ይዟል። ፈቃድ ሳይጠይቅ የምቋጨው ጋቢ ላይ አኖረና ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

«አዲስ ጋቢ ነው እኮ» አልኩት።

«ይቅርታ፣ እትዬ ሠርኬ» አለና ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፈ። እድላዊት ጎንበስ ብላ ታያለች። ክዳኑ ሲነሳ ትንሿ ቬንትሌተር አትታይም፤ የተነደፈ ጥጥ ጉብ ብሎ ተቀምጦባታል። የሸማ ብናኝ ነው። እኛ ዕድሜ ልካችንን የተነፈስነው ብናኝ ተጠቅልሎባት አንቆ ገድሏታል።

«ከእናንተ ሦስት ሱቅ አልፎ ካለው ቤት ያወጣሁት ነው። ስድስት ወር ሠራ» አለ።

እድላዊት ጥጡን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አወጣችው። አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«አንተ የምትመርጠው የቱን ነው?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችው። ለእኔ አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የማታውቅ ልጅ።

«ቬንትሌተር የሌለውን። ትንሽ ነው፣ ለአራት ሱቅ ግን ይተርፋል። ሙቀቱን የሚያስወጣው በብረት ገላው ነው። ብናኝ የሚስበው ነገር የለውም።»

ይህን እዚያው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ስለ ብረት ገላው የተናገረው ግን አልፎኝ ሄደ። የያዝኩት ብናኙን ነው።

ሰኔና ሐምሌ ሲተክሉ ከረሙ። ዋናው ራውተር ከሱቃችን በላይ ቆጡ ላይ፣ በጥቅል ልብስ መካከል ተቀመጠ፤ ሦስቱ ሱቆች በሙሉ ወደ እሱ ነው የሚመጡት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግራል። እኔ ከሰዓት በኋላ የምቋጨው እዚያ ቆጥ ላይ ስለሆነ የሚነጋገሩትን ሁሉ እሰማለሁ። አንድ ቀን እሱ ሳሪስ ሄዷል፤ እሷ እኔ አጠገብ መሬት ላይ ኮምፒውተር ታቅፋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች።

«የመሞከሪያውን መልእክት ልላክ?» ይላል ከስልኩ።

«ላክ።»

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ሁለት ሚሊ ሰከንድ ፈጀ።»

«ምን ያህል ነው እሱ?»

«አንተ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። አንቺ ስትናገሪው ልስማው ብዬ ነው።»

«ዐይን ከመጨፈን ያንሳል።»

«እኔ በታክሲ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የፈጀብኝ» አለ። ቀጥሎ፣ «እንግዲህ ልመለስ» አለ። ለመመለስ ምን ሥራ እንደነበረው አላውቅም። ሥራው አልቆ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ፣ ራሱን በካርቶን ከልሎ ደረሰ። እድላዊት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ኮምፒውተሩን ብቻ ዘጋችው።

እኔ በንዴት ክር እበጥሳለሁ።

አጣራሁበት። የሚጠጣ ከሆነ፣ ያገባ ከሆነ፣ የተጣላው ሰው ካለ። ምንም አልተገኘበትም፤ ያለመገኘቱም አናደደኝ። እናቱ ማሚቱ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ ትሸጣለች። ኮረብታ የሚያህል ሽንኩርት ሥር ሁለት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት አሉኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እድላዊት ከጎኔ ተቀምጣ አንድ የጋቢ ጫፍ ተቀበለችኝ። መቋጨት አትወድም። ነገር እንዳላት ገባኝ።

«ዘመን ከመስቀል በፊት ሽማግሌ ሊልክ ነው።»

እጄን አላቆምኩም። «ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቺ ትቆጫለሽ። ከዚያ ትበርጃለሽ።»

«ካልበረድኩስ?»

«ካልበረድሽ አላገባም» አለች። ቀልዷ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ቀልድ አልነበረም። ያለ እኔ ሌላ ሰው የላትም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ያን ዕለት ግን ከአፏ ሰማሁት። አንድ ነገር ውስጤ ተፈታ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልናገር።

በእኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮኑም አለው፣ የውኃ ማጣሪያው ሳይቀር አለው። የምንወደውን ዕቃ እናለብሳለን። ጳጉሜ አንድ ቀን ቆጡ ላይ ስወጣ ያ ልጅ የተከለው ራውተር ነጭ ብናኝ ለብሶ አየሁት። ቆጡ ለዕንቁጣጣሽ በመጣ ጥቅል እስከ ጣራው ሞልቶ መተላለፊያ የለውም። ሁለት ወር ሙሉ «ብናኝ ጠላቱ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ከጋቢ ቁራጭ ሁለት እጥፍ አድርጌ በልኩ ሰፋሁለት። ጫፉንም ቋጨሁት፤ ለሙሽራ እንደምቋጨው አድርጌ። ለዚያ ልጅ ያደረግኩት የመጀመሪያው ደግ ነገር ነው። አለበስኩት፣ ከጀርባውም አሰርኩት፣ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። እድላዊት ያን ሰሞን የበዓሉን ሽያጭ ልታግዝ ሳሪስ ነበር የምትውለው፤ አላየችውም።

ሁለት ቀን ቻለ።

ጳጉሜ ሦስት፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ አራቱም ሱቅ እኩል ታወረ። ስልኩ ሁሉ ጮኸ። ሳሪስ የተሸጠውን አርባ ቀሚስ ማሙሸት እዚህ ለአንድ ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ነጋዴ ሸጦ ብሩን ተቀብሏል። ልብሱ ሳሪስ ለሌላ ሰው ወጥቷል። ነጋዴው ሰው ፊት፣ «ማሙሸት፣ አንተም እንዲህ ጀመርክ?» ብሎት ሄደ። ማሙሸት ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ ከሁሉም ቀድሜ ቆጡ ላይ ወጣሁ። እጄን ስሰድ ጨርቁ ትኩስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ጣቴን ለበለበኝ። ያኔ ገባኝ። በብረት ገላው ያለው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልብሱን ገፍፌ መቀነቴ ውስጥ ወሸቅሁት።

ዘመን ከአውቶቡስ ተራ እየሮጠ ደረሰ። እድላዊትም ከሳሪስ መጣች። ራውተሩን ነካው፣ አገላበጠው፣ ሰካው፤ አልነቃም።

«ይህ የውስጥ ብልሽት አይደለም» አለ። «አየር አጥቶ ነው የነደደው። የሸፈነው ነገር ነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኛ።

«ምንም አልነበረም» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ማሙሸት እየጮኸ ነበር። ነጋዴዎቹ ከታች ይሰማሉ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ልጄ ፊት አላዋቂ ሴትዮ መሆን አልፈለግኩም። ይኸው ነው።

ዘመን ከራውተሩ ጥግ አንድ ነጭ ክር አነሳ። በጣቱ አሸው። ክሩን አየ፣ እጄን አየ።

«እርግጠኛ ነዎት፣ እትዬ ሠርኬ?»

«ነገረችህ እኮ» አለች እድላዊት።

«አሮጌ አድሰህ ነው የሸጥክልኝ» አለ ማሙሸት። «አዲስ ዕቃ በሁለት ወር ይሞታል? አንተ ሌባ።»

«ካርቶኑ ሲከፈት እድላዊት ነበረች። እሷን ይጠይቋት፣ ጋሼ።»

እድላዊት ልትመሰክርለት አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። እሱ ግን አልቆየም። ተቆጥቷል፤ እሱም ሰው ነው። «እዚህ ቤት እውነቱን የማይናገር አንድ ሰው አለ» አለ።

እድላዊት ወደ እሱ ተጠጋች።

«አያቴን ነው?» አለች።

«ስም አልጠራሁም።»

«እያየሃት ነው የተናገርከው።»

«እድል፣ እኔ...»

«እኔን ያሳደገችኝ ይህች ሴት ናት። አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። እናቴ መሞቷን እንኳ በአምስት ዓመቴ ቁጭ አድርጋ ነው የነገረችኝ። አንተ ግን ያመጣኸው ዕቃ ስለተበላሸ እሷን ውሸታም ታደርጋታለህ?»

ዐይኗ እንባ ሞልቷል፤ አላፈሰሰችውም። እሱ መልስ ነበረው። በጣቱ የያዘው ክር መልስ ነበር። አየኝ። በዐይኔ፣ አትናገር አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለመንኩት።

ክሩን ጣለው።

«ዕቃህን ይዘህ ሂድ» አለችው።

ሄደ። ከሰዓት በኋላ በተሸካሚ ሌላ አዲስ ራውተር ላከ፤ መልእክት የለበትም። እድላዊት ብቻዋን ተከለችው። በዓሉን ሙሉ ምንም ሳይል ሠራ። ያለበሰው አልነበረማ።

«ጥፋቱን ስላወቀ ነው የተካው» አለ ማሙሸት፤ ይህንኑም ለተራው ሁሉ አወራው። መርካቶ እንዲህ ያለ ወሬ ከሜትሮ ኢተርኔቱም ይፈጥናል። ያ ልጅ የታደሰ ዕቃ አዲስ ብሎ ይሸጣል ተባለ። ሁለት ሆቴልና አንድ ትምህርት ቤት የጀመረላቸውን ሥራ ነጠቁት አሉ።

እድላዊት መብላት ተወች። ለእኔ ግን እንደዚያ ሰሞን ደግ ሆና አታውቅም። እግሬን ታጥባለች፣ መድኃኒቴን ትሰጠኛለች። «እማማ፣ በእኔ ምክንያት ነው የተዋረድሽው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ እቆጣታለሁ፤ ወጡ ጨው በዛበት እላለሁ፣ በሩን ክፍት ተውሽው እላለሁ። ሰው የራሱ ጥፋት ሲያንገበግበው ምን ያህል ክፉ እንደሚሆን ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ሽማግሌ የሚመጣበት እሑድ አለፈ። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ልብስ አጠበች፤ ንጹሑንም ደግማ አጠበችው።

መስቀል ሲቃረብ አገር ቤት ልንወርድ ተዘጋጀን። ለጉዞው ልሸምት ማልጄ አትክልት ተራ ሄድኩ። አንዲት ደልደል ያለች ሴት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት መዘነችልኝ። ዘንቢሌን ስዘረጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«የሸማ ተራዋ እትዬ ሠርኬ አይደሉም እንዴ? የማሙሸት እናት?»

«ነኝ።»

የመዘነችውን ሽንኩርት መልሳ ክምሩ ላይ ደፋችው።

«ለእርስዎ ቤት የሚሸጥ ሽንኩርት የለኝም።»

ማሚቱ ናት። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩን።

«ልጄ ሱቁን ሊዘጋ ነው» አለች። «ቅዳሜ ቁልፉን አስረክቦ ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ሥራ ይገባል። ያን ሱቅ ለመክፈት ስድስት ዓመት ነው የለፋው። የእናንተ ሰው በአንድ ቀን አፍ አዘጋው። ዕቃውን ያበላሸው ማነው ብዬ ስጠይቀው እንኳ አይነግረኝም፤ ሴቶች አሉበት፣ ተይው ነው የሚለኝ። አሁን ከፊቴ ዞር ይበሉልኝ።»

ባዶ ዘንቢል ይዤ ቀጥታ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ እስክወጣ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ዘመን ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። ሲያየኝ ወንበር አመጣ፤ በእጅጌው ጠርጎ፣ «ይቀመጡ» አለ። ለሰላምታ ግን አልጎነበሰም።

ነገርኩት። ጋቢውን፣ ቋጠሮውን፣ መቀነቴን፤ ሁሉንም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«የጋቢ ክር ነበር። የሚቋጩት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ካርቶኑን ገፋ አደረገው። ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለማን ልናገር፣ እትዬ? እርስዎን በልጅዎ ፊት አዋርጄ ልጅቷን ላግባ? በማግስቱ በየትኛው ዐይኗ ታየኛለች?»

«አሁን ልነግራት ነው።»

«ለእኔ ብለው ከሆነ ይተዉት፤ እኔ ቁልፉን ላስረክብ ነው። ለእሷ ብለው ከሆነ ግን እኔ ዘንድ ምን አመጣዎት? እሷ ያለችው እርስዎ ቤት ነው።»

ልክ ነበር። ልክነቱም አንገበገበኝ። ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ይዞ ታች ድረስ አደረሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የማሙሸት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሻንጣዎቹ ተደርድረዋል። ማሙሸት ቁርስ ላይ ነው፤ እድላዊት ቆማ ሻይ ትቀዳለች። ያቺን የጋቢ ልብስ ከመቀነቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት።

«ምንድን ነው?» አለ ማሙሸት።

«ራውተሩን ያለበስኩት ልብስ ነው። ጳጉሜ አንድ አለበስኩት፤ ጳጉሜ ሦስት ገፈፍኩት። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ማሙሸት ኩባያውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን በሩን ነው፤ የሰማ ሰው እንዳለ።

«እማዬ፣ ይህን ነገር አንሺው። አለፈ።»

«ምኑ ነው ያለፈው?»

«ለተራው ሁሉ ሌባ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። አሁን ዞሬ እናቴ ጋቢ አልብሳው ነው ልበል? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? ልጁ እንደሆነ እየሄደ ነው። እኛም አገር ቤት እየወረድን ነው። አንሺው አልኩሽ።»

«አላነሳም» አልኩት። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጮኼበት የማላውቀውን ልጄን ጮኽኩበት። «ቁጣህ የት ሄደ አሁን? የሰው ልጅ ስታዋርድ ድምፅህ እስከ አንዋር መስጊድ ይሰማ ነበር። አሁን ለምን ታንሾካሹካለህ? ዛሬውኑ ሄደህ በተናገርክበት አፍህ ትናገራለህ። እምቢ ካልክ እኔ በየሱቁ እየዞርኩ እናገራለሁ። ወገቤ ይቆረጥ እንጂ አንድ ሱቅ አልዘልም።»

እድላዊት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ ጨርቁን አነሳች። ጫፉን አየች፣ ቋጠሮዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ማን እንደቋጨው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«እኔ ከሳሪስ ስመጣ ይህ የት ነበር?» አለች።

«መቀነቴ ውስጥ።»

«እሱ ሲጠይቅሽ?»

«መቀነቴ ውስጥ።»

«እኔ ሂድ ስለው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ክሩን በጣቱ ይዞት ነበር። እኔን እንዳያዋርድ ብሎ ጣለው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። የፈራሁት ጩኸት ነበር፤ ልቅሶ ነበር። ሁለቱም አልመጣም። ጨርቁን እንደነበረ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ወደ ጓዳ ገብታ ጫማዋን አደረገች፤ ክሩን አላሰረችም። የጉዞ ሻንጣዋን ከሌሎቹ ለይታ ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«የት ነው?» አለ ማሙሸት። «መኪናው ቆሟል እኮ። እድላዊት።»

ብርድ ነበር። ሹራብሽን ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሹራብ የማዘዝ ሥልጣን የለኝም።

በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም። ማሙሸት ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ እጁን መታሁት። በሩን ከፍታ ወጣች። በመስኮት አየኋት፦ መኪናውን ዞራ፣ ወደ ሸማ ተራ የሚወስደውን መንገድ ትታ፣ ወደ አውቶቡስ ተራ ታጠፈች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ።